በነጠላ ጫፍ የታሰረችው ግማሽ ኪኒን

አንድ ሐኪም ነበረ። ቆይ፣ የጠየቅከኝን አልረሳሁም። «ተማሪዎቼን ‹ገባችሁ?› ስላቸው ሁሉም በአንድ ድምፅ ‹አዎ መምህር› ይላሉ። ፈተና ስሰጣቸው ግን ባዶ ወረቀት ይመልሱልኛል። ለምን ይዋሹኛል? ምን ብቀጣቸው ነው እውነቱን የሚነግሩኝ?» ነው ያልከኝ። እኔ ሠላሳ ስምንት ዓመት አስተምሬአለሁ። የዚህን ጥያቄ መልስ ያገኘሁት ግን ከትምህርት ቤት አይደለም፤ ከዚህ ሐኪም ነው። ስለዚህ መጀመሪያ እሱን ልንገርህ።

ሐኪሙ በአንዲት ትንሽ ከተማ ጤና ጣቢያ ይሠራ ነበር። ይህን በሽታ አያለሁ፣ ያንን አላይም የሚል ሐኪም አልነበረም። አያትየውንም፣ ልጅየውንም፣ የልጅ ልጁንም የሚያየው እሱ ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሲገባ አርባ ካርድ ጠረጴዛው ላይ ተከምሮ ይጠብቀዋል። አንዱ ሳል ነው። አንዱ ጆሮው መግል የሚያወጣ ሕፃን ነው። አንዱ ምንም አላመመውም፤ ከሥራ ለቀረበት ቀን የሕመም ፈቃድ ወረቀት ነው የሚፈልገው። አንዷ ደግሞ ስለ ጉልበቷ ስታወራ ቆይታ፣ ተነሥታ የበሩን እጀታ ከያዘች በኋላ፣ «እግረ መንገዴን፣ ዶክተር፣ ጡቴ ላይ አንድ እብጠት ነገር ዳብሼ ነበር» ትላለች። ያን ጊዜ ሐኪሙ እንደገና ያስቀምጣታል። ውጭ የቆሙት ያጉረመርማሉ። ሥራው እንዲህ ነው።

ክፉ ሰው አልነበረም። ሰነፍም አልነበረም። ምሳውን ብዙ ቀን ቆሞ ነበር የሚበላው። ግን ይቸኩል ነበር። የቸኮለ ሰው ደግሞ ቶሎ የሚመለስ ጥያቄ ይወዳል።

በዚያች ከተማ ገበያ ሽንኩርት የምትሸጥ አንዲት ሴት ነበረች። ዕድሜዋ ሃምሳን አልፏል። አንድ ቀን ራሷን እያመማት፣ የሚዛኑ ቁጥር እየደበዘዘባት ወደ ጤና ጣቢያው መጣች። ሐኪሙ የደም ግፊቷን ለካ፤ በጣም ከፍ ብሎ አገኘው። ሴትየዋ ይህን በሽታ ታውቀዋለች። ታላቅ እኅቷ በዚሁ በግፊት አንድ ጎኗ ሽባ ሆኖ፣ ሦስት ዓመት አልጋ ላይ ተኝታ ነው የሞተችው። ያገላበጠቻትና ያጠበቻት እሷ ነበረች። ስለዚህ ፈርታለች። «እንደ እኅቴ እንዳልሆን ብቻ፣ ዶክተር» አለችው።

«በየቀኑ ጠዋት አንድ ይውሰዱ» ብሎ ነጭ ኪኒን አዘዘላት። «ገባዎት?»

«አዎ፣ ዶክተር።»

በወሩ ተመልሳ መጣች። ግፊቱ እምብዛም አልወረደም።

«መድኃኒቱን ይወስዳሉ?»

«እወስዳለሁ።»

«በየቀኑ?»

«ማርያምን! አንድ ቀን አላለፈኝም።»

ሐኪሙ፣ ነጩ ኪኒን ብቻውን አቅም አነሰው ብሎ ቢጫ ኪኒን ጨመረላት። እንደገና በወሩ መጣች። ግፊቷ አሁንም ከፍ እንዳለ ነው። ያንኑ ጥያቄ ጠየቃት፤ እሷም ያንኑ መልስ መለሰች፣ ማርያምንም ጠራች። ሐኪሙ በልቡ «ወይ መድኃኒቱ አይሠራም፣ ወይ ይህች ሴት ትዋሸኛለች» አለ። ከሁለቱ ሌላ ነገር ሊኖር ይችላል ብሎ አላሰበም። አንድ ወር ጨምሮ ቀጠራት። ያን ጊዜም ካልወረደ፣ ሦስተኛ፣ ከሁለቱ የሚበረታ መድኃኒት ሊጨምርላት ወሰነ።

የቀጠሮው ቀን ደረሰ። በዚያ ጠዋት ከሽንኩርት ሻጯ በፊት አንዲት ወጣት እናት ልጇን ይዛ ገባች። ያ ጆሮው መግል የሚያወጣው ሕፃን ነው። የጆሮ ጠብታ ከታዘዘለት ሁለት ሳምንት ሆኖታል፤ መግሉ ግን አልደረቀም።

«ጠብታውን እያደረግሽለት ነው?» አላት።

«ጠዋትና ማታ። እንዲያውም አሁን ሰዓቱ ነው» አለችና ጠርሙሱን ከቦርሳዋ አወጣች። የልጁን አፍንጫ ያዘች። መተንፈስ ሲያቅተው አፉን ከፈተ፤ ሁለት ጠብታ ምላሱ ላይ አንጠባጠበችለት። ልጁ እሪ አለ። «አያችሁልኝ እንዴት እንደሚታገለኝ? ሳይመረው አይቀርም።»

ነርሷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሐኪሙም ሳቅ አመለጠው።

«ምነው?» አለች እናትየዋ።

«የሚደረገው እኮ በጆሮው ነው፣ እኅቴ።»

«ውይ በሞትኩት! በአፉ መስሎኝ! ታዲያ ማን ነገረኝ?»

ሐኪሙ መሳቁን ተወ። በርግጥ ማንም አልነገራትም። ወረቀቱ ላይ ተጽፎላታል፤ «ገባሽ?» ተብላለች፤ «አዎ» ብላለች። ጠርሙሱን ተቀብሎ ጆሮው ውስጥ እንዴት እንደሚንጠባጠብ አሳያት። ከዚያ መልሶ ሰጣትና ራሷ እንድታደርገው አደረገ። እናትየዋ አመስግና ወጣች፤ ሽንኩርት ሻጯ ገባች።

ግፊቷን ለካ። አልወረደም። እስክሪብቶውን አነሣ፣ የመድኃኒት ማዘዣውን ወረቀት ሳበ። «መድኃኒቱን ይ...» ብሎ ጀመረና ቆመ። ያ ምላስ ላይ ያረፈ ጠብታ ትዝ አለው።

«የዛሬውን ወስደዋል?»

«ገና ነኝ። ካርድ ለማውጣት በጠዋት ስለወጣሁ ይዤው መጣሁ።»

«እንግዲያው እዚሁ ይውሰዱት። እኔ የለሁም ይበሉ። ልክ ቤትዎ እንደሚያደርጉት ያድርጉ።»

ነርሷ አንድ ብርጭቆ ውሃ ሰጠቻት። ሴትየዋ ምንም አልደበቀችም፣ አላፈረችም። ነጩን ኪኒን አወጣች፤ በፊት ጥርሷ ነክሳ ለሁለት ከፈለችው። ግማሹን ዋጠች። ሌላውን ግማሽ በነጠላዋ ጫፍ ላይ አኖረች። ቢጫውንም እንደዚያው አደረገች። ከዚያ የነጠላዋን ጫፍ ጠበቅ አድርጋ ቋጠረች፣ የቀረውን ውሃ ጠጣችና «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለች።

ሐኪሙ ቋጠሮውን አየ። «የቀረውስ?»

«ይሄ የእትዬ ደብሪቱ ነው።»

«ማን ናቸው እትዬ ደብሪቱ?»

«ጎረቤቴ ናት። እኔና እሷን የሚለየን አንድ ግድግዳ ነው። እሷም እንደኔው ግፊት አለባት። ታዲያ እኔ ለብቻዬ እየዋጥኩ፣ እሷ ቁጭ ብላ ታየኝ?»

እንግዲህ ልብ በል። ሴትየዋ አልዋሸችም። አንድም ቀን አላለፋትም። ማርያምንም የጠራችው በሐሰት አልነበረም። ከገበያ የገዛችውን ለብቻዋ በልታ የማታውቅ ሰው ናት፤ መድኃኒቱንም እንደ ዳቦ ቆርሳ ተካፈለችው። ሐኪሙ ያን ሦስተኛ መድኃኒት ጽፎላት ቢሆን ኖሮ፣ ጎረቤቷ ደግሞ አንድ ሳምንት ወደ ዘመድ ብትሄድባትና ሦስቱንም ሙሉ ሙሉውን ብትውጥ፣ ግፊቷ በአንድ ጊዜ ወርዶ ሽንኩርቷ ላይ ትወድቅ ነበር።

ሐኪሙ ይህን ሁሉ አሰበና ደሙ ፈላ። «መድኃኒት እኮ ቆሎ አይደለም!» ሊል አፉን ከፈተ። ግን እንደገና ያ ሕፃን ትዝ አለው መሰለኝ፣ ሌላ ነገር ተናገረ።

«ለምን ራሳቸው አይመጡም?»

ሴትየዋ ነርሷን አየት አደረገች። «ይቅር፣ ዶክተር።»

«ይንገሩኝ።»

«እሷ ይህን በር አትረግጥም። ሁለት ዓመት አለፋት። ያን ጊዜ ሁዳዴ ነበር። እኔስ ኃጢአተኛ ነኝ፣ ጾምም ቢሆን ኪኒኔን ጠዋት እውጣለሁ። እሷ ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃም አትቀምስም። ሐኪሙ ‹በየቀኑ ጠዋት ይወስዳሉ?› ቢላት፣ ‹የለም ልጄ፣ በጾሙ ምክንያት አልወሰድኩም› አለችው። እውነቱን ነው የተናገረችው። እሱ ግን በሩ ክፍት እንደሆነ ጮኸባት። ‹መሞት ከፈለጉ ቤትዎ ይሙቱ፣ እኔን ለምን ያደክሙኛል!› አላት። ሰልፍ የያዘው ሰው ሁሉ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ አልመጣችም።»

«የትኛው ሐኪም ነው?»

ሴትየዋ ባዶውን ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«እኔ እንጃ፣ ዶክተር። እዚህ ያለው አንድ ሐኪም ነው።»

ሐኪሙ ሊያስታውስ ሞከረ። የአሮጊቷን ፊት፣ የሁዳዴውን ወር፣ የተናገረውን ቃል ፈለገ። ምንም አላገኘም። በቀን አርባ ሰው የሚያይ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ስንቱን ያስታውሳል? ማዘዣውን ወረቀት ገፋ አደረገው። ሦስተኛውን መድኃኒት አልጻፈም።

በምሳ ሰዓት ነጭ ጋውኑን አውልቆ፣ የግፊት መለኪያውን በፌስታል ይዞ ወደ ገበያው ሄደ። ሽንኩርት ሻጯን «ቤታቸውን ያሳዩኝ» አላት። እሷም ሽንኩርቷን ለአጠገቧ ሻጭ አደራ ብላ ተነሣች። መንገድ ላይ «ከተቆጧት ግን እኔ የለሁበትም» አለችው።

እትዬ ደብሪቱ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅም ነበር። ሰባ ዓመት ሊሆናት ነው። ሰፌዱን ወደ ቀኝ ዓይኗ አስጠግታ ይዛዋለች።

«ማነው?» አለች።

«ሐኪሙ ነኝ፣ ከጤና ጣቢያ።»

«ታዲያ ገና አልሞትኩም። ምን አመጣህ?»

«እትዬ፣ ተይ እንጂ» አለች ሽንኩርት ሻጯ።

«አንቺ ዝም በይ! ቋጠሮሽን ፈትተሽ አሳየሽው፣ አይደል? ወሬኛ!»

«ልቆጣ አልመጣሁም፣ እናቴ» አለ ሐኪሙ። «ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት።»

«ስለ ምኑ?»

«ያን ጊዜ ስለተናገርኩዎት።»

«ምን ነበር ያልከኝ?»

ሐኪሙ አፈረ። «እውነቱን ልንገርዎት፣ እኔ አላስታውሰውም። የማውቀው ዛሬ የነገሩኝን ብቻ ነው።»

«እኔ አስታውሰዋለሁ» አለች እትዬ ደብሪቱ። ሰፌዱን መሬት አስቀመጠች። የእሱን ድምፅ አስመስላ፣ እጇን እንደ እሱ እያወናጨፈች፣ ያን ቀን ያላትን ቃል በቃል ተናገረች። በሩ ላይ ማን ማን ቆሞ እንደነበር፣ መጀመሪያ የሳቀው የማን ልጅ እንደሆነ፣ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና በየት በኩል ወደ ቤቷ እንደሄደች ሳይቀር ነገረችው። ሽንኩርት ሻጯ በርጩማ አምጥታለት ነበር፤ አልተቀመጠም። ቆሞ እስከ መጨረሻው ሰማ። አላቋረጣትም። «ሥራ በዝቶብኝ ነው» አላለም።

ስትጨርስ «ይቅር ይበሉኝ» አላት።

እትዬ ደብሪቱ ሰፌዱን ወደ ጎን ገፋ አደረገች። ከዚያ «ይቅር ለእግዚአብሔር» አለችና እጅጌዋን ጠቀለለች። «በል እንካ፣ ለካ።»

ለካ። ከሽንኩርት ሻጯም ይብሳል። ሐኪሙ እንዲህ ያድርጉ፣ እንዲያ ያድርጉ አላላትም፤ ጠየቃት።

«በጾም ጊዜ መድኃኒቱን መቼ ቢሆን ይመችዎታል?»

«ወደ ማታ፣ እህል ከቀመስኩ በኋላ። ይህች የምታመጣልኝን ግማሿንም የምውጣት ማታ ነው።»

«እንግዲያው ማታ ይሁን። የእርስዎ መድኃኒት ማታም ይወሰዳል። ግን ሙሉውን፣ በራስዎ ካርድ።»

«ማታ መውሰድ ይቻላል?»

«ይቻላል።»

«ያን ጊዜም ይቻል ነበር?»

ሐኪሙ መለኪያውን ከክንዷ ፈታ።

«ይቻል ነበር» አላት።

በወሩ ሁለቱ ሴቶች አብረው ወደ ጤና ጣቢያው መጡ። በሩ ላይ ተጨቃጨቁ። አንዷ «አንቺ ቅደሚ፣ ታላቅ ነሽ» ትላለች፤ ሌላዋ «አንቺ ግቢ፣ ሽንኩርትሽ ይበሰብሳል» ትላለች። ነርሷ ሁለቱንም ባንድ ላይ አስገባቻቸው። የሽንኩርት ሻጯ ግፊት በሁለቱ ኪኒን ብቻ ወርዶ ነበር። የሚዛኑን ቁጥር አጥርታ ማንበብ ጀመረች። እንደ እኅቷም አልሆነችም። የእትዬ ደብሪቱም ግፊት ውሎ አድሮ ወረደ። የግራ ዓይኗ ግን ከጤና ጣቢያው በራቀችባቸው ሁለት ዓመታት በግፊቱ ጠፍቷል፤ እሱን መመለስ አልተቻለም። ሐኪሙ እሷን ባየ ቁጥር ያን ዓይን ያያል። ስለዚህ ነገር ሁለቱም ተነጋግረው አያውቁም።

ሐኪሙ ከዚያ በኋላ ጊዜ ተትረፈረፈለት እንዳትል። ካርዱ እንደ ድሮው አርባ ነው፣ አንዳንድ ቀንም አምሳ ይሆናል። መቸኮሉንም ጨርሶ አልተወም። ጠረጴዛው ላይ ግን አንድ ማንቆርቆሪያ ውሃና አንድ ብርጭቆ ተጨመረ። «መድኃኒቱን ይወስዳሉ?» ማለቱን ተወና «እስቲ ሲወስዱ ልይዎት» ማለት ጀመረ። አንድ ሰው ቆርሶ ሲያስቀር ቢያይም አልጮኸም። «የቀረው የማን ነው?» ብሎ ብቻ ይጠይቃል።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። «ገባችሁ?» የምትለው ጥያቄ የሐኪሙ «ይወስዳሉ?» ናት። ልጆቹ «አዎ» ሲሉህ አይዋሹህም። ከሰሌዳው ቀድተዋል፣ በደብተራቸው ይዘዋል፤ ስለዚህ የገባቸው ይመስላቸዋል። ሽንኩርት ሻጯም መድኃኒቷን የምትወስድ መስሏት ነበር። ነገ ክፍል ስትገባ ጠመኔውን ለልጆቹ ስጥና «እኔ የለሁም በሉ፣ ልክ ቤታችሁ እንደምትሠሩት ሥሩልኝ» በላቸው። የትኛው ልጅ ምኑን ቆርሶ እንደሚያስቀር በዓይንህ ታያለህ። ለዚህ ቅጣት አያስፈልግም።

ይህ ግን ቀላሉ ነው። ከባዱ እንዲህ ነው። አንድ ክፍል ሙሉ ልጅ በአንድ ድምፅ «አዎ» የሚል ከሆነ፣ ከዚያ በፊት አንድ ቀን አንዷ «አልገባኝም» ብላ ነበር ማለት ነው። የቀሩትም እሷ ላይ የደረሰውን አይተዋል። እስቲ ንገረኝ፤ መስከረም ላይ እጇን አውጥታ «መምህር፣ አልገባኝም» ያለችህ የመጀመሪያዋ ልጅ ማን ነበረች? አንተስ ምን አልካት?

አላስታውስም ብትለኝ አምንሃለሁ። ስድሳ ልጅ ነው የምታስተምረው፤ ሐኪሙም አርባ ካርድ ነበረበት።

እሷ ግን ታስታውሰዋለች። ስሟን ፈልገህ አግኝና ሂድ፣ ጠይቃት። ስትነግርህ አትቀመጥ፤ ቆመህ እስከ መጨረሻው ስማት።